የገንዘብ ልክ ለአንባቢው እንዲገባ ሆኖ ይጻፍ

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚች መጽሔታችን ላይ የክፍል ጓደኞቼ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ እንደሚጽፉ ዐውቃለሁ። እኔ የማነሣው ነገር ግን በመጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። ይኸውም በገንዘብ ቁጥር መካከል ስለምትገባ ስለ አንዲት ነጥብ ነው። ይህን የሰማ ሰው «ስለ ነጥብ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» ይል ይሆናል። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ እንዲሁ ባልሁ ነበር። ዳሩ ግን ይህች ነጥብ በቤታችን ወንድምና እኅትን አኳርፋ፤ አሮጊቷን አያቴን አስለቅሳ ስላየኋት፤ ነገሩ ትንሽ ነው ብዬ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአባቴ ታናሽ እኅት በኩዌት አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ዘወትር እሑድ ማታ ስትደውል አባቴን «ወንድም ጋሼ» እያለች ብዙ ታጫውተው ነበር። በየሁለት ወሩም ለአያቴ መድኃኒት፣ ለእኔና ለታናናሾቼ ደግሞ ለደብተር የሚሆን ገንዘብ ትልካለች። በዚያ ዓመት ክረምት የቤታችን ጣራ ማፍሰስ ስለ ጀመረ፤ አባቴ ቆርቆሮውን ለመለወጥ አስቦ ጥቂት ጨምራ እንድትልክ ለመናት። እርስዋም «ወንድም ጋሼ፤ የማገኘው ይኸው ነው» ብላ ደመወዝዋ የተመዘገበበትን የድረ ገጽ ሥዕል በስልክ ላከችለት። በገጹ ላይ ከስምዋ ፊት ለፊት የነበረው «120.000» የሚል አኀዝ ብቻ ነው። የገንዘቡ ስም አልተጻፈም።

አባቴ ቁጥር የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ዕድሜውን ሁሉ የኖረው በንግድ ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ሳንቲም የሚጻፈው በሁለት አኀዝ ነው። ከምልክቱ ቀጥሎ ሦስት ዜሮ ያየ ኢትዮጵያዊ «ሺህ ነው» ብሎ ቢያነብ አይፈረድበትም። ምልክቲቱም በስልኩ ትንሽ መስታወት ላይ ነጥብ ትሁን ኮማ አትለይም ነበር። «መቶ ሃያ ሺህ እያገኘች ለእናትዋ ጣራ የሚሆን አጣች?» አለና ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ማታ ስልኩ ሲጮኽ ለእኔ እያቀበለኝ «የለም በላት» ይለኝ ጀመር። አክስቴም የተደረገው ነገር ስላልገባት፤ «ምን በደልሁት?» እያለች አያቴን ትጠይቅ ነበር። አያቴ የምትመልሰው ስለሌላት ታለቅሳለች። አራት ወር ያህል እንዲህ ሆኖ ቆየ።

እኔ ይህን ነገር እየረሳሁት ሳለ 11ኛ ክፍል ገባሁ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ የኮምፒዩተር ትምህርት እንደምወድ ያውቅ ስለነበረ ወደ እናቱ ወሰደኝ። እናቱ የሀገር ልብስ እያሸመኑ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ደንበኞቻቸውም በጀርመን፣ በአሜሪካና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። «ልጄ፤ ልብሱ ከነዋጋው የሚታይበት ድረ ገጽ ሥራልኝ» አሉኝ። እኔም ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን የአባቶች ምክር ረስቼ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሠርቼ አስረከብሁ። ገጹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚነበብ ነበር። አማርኛውን የመረጠ «ብር 4,500.00» ያያል፤ እንግሊዝኛውን የመረጠ ግን «$4,500.00» ያያል። ምልክቱን ለወጥሁ እንጂ ገንዘቡን አልመነዘርሁም! የአንዲት ቀሚስ ዋጋ በአንዲት ጠቅታ አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ሆነ። አንዲት ደንበኛ ከአሜሪካ ደውላ «እማማ፤ ቀሚሱ የወርቅ ነው እንዴ?» ብላ ስትስቅ የጓደኛዬ እናት አፈሩ፤ እኔ ደግሞ ከእርሳቸው ይልቅ አፈርሁ። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ መማር ጀመርሁ። ከተማርሁትም ጥቂቱን ለአንባብያን ላካፍል።

መጀመሪያ የተማርሁት ዓለም ገንዘብን የሚጽፈው በአንድ ዐይነት አለመሆኑን ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ከሃምሳ ስድስት ሳንቲም የሚለውን ልክ አሜሪካኖች 1,234.56 ብለው ይጽፉታል። ጀርመኖች ግን ኮማውንና ነጥቡን አቀያይረው 1.234,56 ይላሉ። ፈረንሳዮች ሺሁን በባዶ ቦታ ለይተው 1 234,56 ይላሉ። በስዊስ አገር ደግሞ ከላይ የተንጠለጠለች ጭረት አግብተው 1'234.56 ብለው ይጽፋሉ። ሕንዶች ከመጨረሻዎቹ ሦስት አኀዞች በፊት ያሉትን ሁለት ሁለት እያደረጉ ስለሚከፍሉ፤ እኛ 1,234,567 የምንለውን እነርሱ 12,34,567 ይሉታል። ይህም መቶ ሺሁን «ላክ»፣ ዐሥር ሚሊዮኑን «ክሮር» ብለው ስለሚቈጥሩ ነው። የገንዘቡ ምልክትም ቦታው አንድ አይደለም። አሜሪካዊው የዶላሩን ምልክት ከቁጥሩ በፊት ያኖራል፤ ጀርመናዊው የዩሮውን ምልክት ከቁጥሩ በኋላ ያስከትላል።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ስሕተተኛው የትኛው ነው? ማንም አይደለም። እያንዳንዱ በቤቱ ትክክል ነው። ስሕተት የሚመጣው አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ልማድ ሲያነበው ነው። በበርሊን የምትኖር እኅታችን በገንዘብ መላኪያ ገጽ ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ለማለት 1.250 ብላ ብትጽፍ፤ ገጹም በአሜሪካ ልማድ ብቻ የተሠራ ቢሆን፤ አንድ ከሃያ አምስት ሳንቲም ብሎ ይረዳዋል። ገጹ የተረዳውን መልሶ ካላሳያት ስሕተቱን የምታውቀው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ትምህርቴ የአጻጻፉ ልማድና የገንዘቡ ዐይነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። እኔን ያሳፈረኝ ይህን አለመለየቴ ነበር። ለዚህ ካናዳ ጥሩ ምሳሌ ናት። በዚያ አገር ገንዘቡ አንዱ የካናዳ ዶላር ሆኖ ሳለ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው $1,234.56 ብሎ ሲጽፍ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው 1 234,56 $ ብሎ ይጽፋል። ቋንቋው የአጻጻፉን መልክ ለወጠው እንጂ ገንዘቡን አልለወጠውም።

ይህ ነገር ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገንዘብ በአዲስ መልክ ሲወጣ፤ በአማርኛ «ብር» ይባል የነበረው በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር። በእንግሊዝኛም «ብር» መባል የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 ነው። እስከዚያ ድረስ አንዲቱ ወረቀት ለአማርኛ አንባቢ በአንድ ስም፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢ በሌላ ስም ስትናገር ኖረች፤ ዋጋዋ ግን ያው አንድ ነበር። እንግዲህ ለየአንባቢው በሚገባው ቃል መጻፍ፤ ዋጋውን ግን አለመንካት፤ በዚያ ዘመንም የታወቀ ሥራ ነበር።

ሦስተኛው ትምህርት ግን አባቴንና አክስቴን ያስታረቀው ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ገንዘብ ሁሉ በመቶ ሳንቲም የሚከፈል ይመስለኝ ነበር። ብር በመቶ ሳንቲም፣ ዶላር በመቶ ሴንት፣ ዩሮም በመቶ ሴንት ይከፈላልና። ነገር ግን የጃፓን የን ሲጻፍ ከነጥብ በኋላ ምንም የለውም። የኩዌት ዲናር ደግሞ የሚከፈለው በአንድ ሺህ ፊልስ ነው፤ ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኀዝ ይጻፋል። የባሕሬንና የዮርዳኖስ ዲናር፣ የኦማንም ሪያል እንደዚሁ ናቸው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ የስልክ ሥዕል በዐይኔ ላይ መጣ። «120.000» ማለት መቶ ሃያ ሺህ ሳይሆን መቶ ሃያ ዲናር ከዜሮ ፊልስ ማለት ነበር! ሦስቱ ዜሮዎች የሀብት ምልክት አልነበሩም፤ «ከመቶ ሃያው በላይ ምንም ዝርዝር የለም» የሚሉ ዜሮዎች ነበሩ።

የዚያን ዕለት ማታ አባቴን አስቀምጬ በወረቀት ላይ እየጻፍሁ አስረዳሁት። እርሱም ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያም እሑድ እስኪደርስ ሳይጠብቅ ራሱ ደወለ። የተናገረውን ሁሉ እዚህ መጻፍ ተገቢ አይመስለኝም። አክስቴ ግን በዚያ ወገን ስታለቅስ፤ አያቴም በዚህ ወገን «ተመስገን» ስትል ሰማሁ።

ክቡራን ወላጆችና መምህራን፤ ይህን የቤቴን ገመና የገለጽሁት ለወሬ አይደለም። አባቴ ሰነፍ አንባቢ አልነበረም፤ አክስቴም ውሸታም አልነበረችም። ጥፋቱ ገጹን የሠራው ሰው፤ ማን እንደሚያነበው ሳያስብ ቁጥሩን እርቃኑን መተዉ ነው። እኔም ለልብስ ነጋዴዋ ገጽ ስሠራ ያንኑ ጥፋት በሌላ መልክ ሠርቼዋለሁ። ዛሬ ከመካከላችን ብዙዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ እየተማሩ ነው፤ ነገ የባንክ፣ የሱቅና የደመወዝ ገጾችን የምንሠራው እኛ ነን። ስለዚህ አሳቤን በአምስት ነገሮች ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቁጥርና የገንዘብ ስም አይለያዩ። ስም የሌለው ቁጥር ባለቤት እንደሌለው ከብት ነው፤ ያየው ሁሉ የእኔ ይለዋል። የዶላር ምልክት ብቻውን እንኳ አይበቃም፤ አሜሪካም፣ ካናዳም፣ አውስትራሊያም በዚያው ምልክት ይጠቀማሉና። ለዚህም ሲባል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ አይ.ኤስ.ኦ. 4217 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ ለእያንዳንዱ ገንዘብ በሦስት ፊደል የተጻፈ መለያ ተሰጥቶታል፤ የእኛ ብር መለያ «ኢ.ቲ.ቢ.» ነው። ከነጥቡ በኋላ ስንት አኀዝ እንደሚገባም በዚያው ደንብ ተወስኗል።

ሁለተኛ፤ ገንዘቡ በማኅደሩ ውስጥ ሲቀመጥ በትንሹ ክፍል ተቈጥሮ በሙሉ ቁጥር ይቀመጥ። ብር 1,250.75 ከሆነ 125075 ሳንቲም ተብሎ ይመዝገብ። ምክንያቱም ኮምፒዩተር ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚይዘው በሁለት ቤት ስሌት አቀራርቦ ነው። በጃቫስክሪፕት 0.1ና 0.2ን ደምር ቢሉት 0.3 ብሎ አይመልስም፤ 0.30000000000000004 ይላል። በዚህ ዐይነት ስሌት የሰው ሒሳብ መያዝ አይገባም። ነገር ግን ሁሉን በመቶ ማካፈልም ሌላ ስሕተት ነው። መቶ ሃያ ዲናር በፊልስ 120000 ሆኖ ተመዝግቦ ሳለ፤ ለማሳየት በመቶ የሚያካፍለው ፕሮግራም 1,200.00 ዲናር ብሎ በዐሥር እጥፍ ያሳየዋል። አምስት ሺህ የንም 50.00 ሆኖ ይወጣል።

ሦስተኛ፤ የቁጥሩን መልክ በእጃችን አንቍረጥ፤ አንቀጥል። ይህን ሥራ ዐዋቂዎች አስቀድመው ደክመውበታል። የዩኒኮድ ማኅበር የየአገሩን የቁጥር፣ የቀንና የገንዘብ አጻጻፍ ልማድ ሰብስቦ ሲ.ኤል.ዲ.አር. በሚባል መዝገብ ይዞታል። ጃቫስክሪፕትም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1912 መቶ ዓመት በኋላ፤ ማለት በታኅሣሥ 2012 በወጣ ደንብ «ነምበር ፎርማት» የሚባል መሣሪያ አግኝቷል። ለዚህ መሣሪያ የአንባቢውን ልማድ፣ የገንዘቡን መለያና ልኩን ሦስቱን ብንነግረው፤ ነጥቡንም ኮማውንም ምልክቱንም እርሱ በየቦታቸው ያኖራቸዋል። ለአማርኛ አንባቢ «ብር»ን ከቁጥሩ በፊት አድርጎ ይጽፋል። በመዝገቡም ውስጥ ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ ይገኛሉ። ስለ ቋንቋችን የተመዘገበው ትክክል መሆን አለመሆኑን ማየትና ማረም የሚገባው ቋንቋውን የሚናገረው ሕዝብ ነው፤ ይህም ለእኛ ለተማሪዎች የሚመጥን ሥራ ነው።

አራተኛ፤ የአንባቢውን ገንዘብ ከቋንቋው አንገምት። በአዲስ አበባ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛ ስላነበበ ኪሱ በዶላር አይሞላም። እንደዚሁም በፍራንክፈርት ተቀምጣ በአማርኛ የምታነብ እኅት የምትከፍለው በዩሮ ነው። ስለዚህ ቋንቋውን ለብቻ፣ ገንዘቡን ለብቻ እንጠይቅ። ገንዘብ ከተለወጠም በዕለቱ ምንዛሪ ተሰልቶ፤ ምንዛሪውም ተጽፎ ይታይ።

አምስተኛና ከሁሉ የሚበልጥብኝ አሳብ ይህ ነው። አባቶቻችን የውል ወረቀት ሲጽፉ ገንዘቡን በአኀዝ ብቻ አይተዉትም፤ «ብር 1,250.00 (አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር)» ብለው በአኀዝና በፊደል ይጽፉታል። ዛሬም ቼክ የሚጻፈው በዚሁ ሥርዓት ነው። ይህን ያደረጉት አኀዝ በአንዲት ጭረት እንደሚለወጥ፤ ቃል ግን በቀላሉ እንደማይለወጥ ስለሚያውቁ ነው። ገንዘብ ከአገር ወደ አገር የሚሻገርበት ድረ ገጽም ሰውየው «ላክ» የሚለውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ልኩን በሚያነበው ቋንቋ በፊደል ይጻፍለት። ደመወዝ የሚታይበትም ገጽ እንደዚሁ ያድርግ። በዚያ ሥዕል ላይ «መቶ ሃያ የኩዌት ዲናር» የሚሉ አራት ቃላት ተጽፈው ቢሆን ኖሮ፤ ያ ሁሉ የአራት ወር ኩርፊያ አይኖርም ነበር።

በዚህ አሳብ የማይስማሙ ጓደኞች እንዳሉኝ ዐውቃለሁ። አንዱ «ዓለም ሁሉ በአንድ መልክ ቢጽፍ አይሻልም?» ብሎኛል። ይህ መልካም ምኞት ነው፤ ነገር ግን የመለኪያና የሚዛን ጠቅላላ ጉባኤ እንኳ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 በነገሩ ላይ ሲወስን፤ የዝርዝሩ መለያ ነጥብም ኮማም ሊሆን ይችላል ብሎ ሁለቱንም ተቀብሏል። ሊቃውንቱ ያላስገደዱትን ሕዝብ እኛ በአንድ ድረ ገጽ ልናስገድደው አንችልም። መልኩን ለየአንባቢው መለወጥ ለኮምፒዩተር ቀላል ሥራ ነው፤ የሰውን የዘመናት ልማድ መለወጥ ግን ከባድ ነው።

ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ «አገር ወዳድ ከሆንህ ዋጋውን ለምን በግእዝ አኀዝ አትጽፈውም?» ይለኛል። የግእዝ አኀዝ ውበቱን እኔም እወደዋለሁ፤ 1250ን ፲፪፻፶ ብሎ የሚጽፍ እጅ የተከበረ እጅ ነው። ነገር ግን አኀዛችን ዜሮ የለውም፤ ሳንቲሙንም በነጥብ ለይቶ የሚያሳይበት ሥርዓት አልተሠራለትም። በብራና መጽሐፍ ላይ ምዕራፍ ለመቍጠር ክብር የሆነው አኀዝ፤ በሱቅ ገጽ ላይ የዋጋ ማደናገሪያ ሲሆን ማየት አልወድም። አገርን መውደድ የሚታየው ወገናችን የሚከፍለውንና የሚቀበለውን ገንዘብ ሳይሳሳት እንዲያነበው በማድረግ ነው።

የቀረውም ወገን «ይህ ሁሉ ለአንዲት ነጥብ መድከም ነው» ይላል። ለዚህ የምመልሰው በቤቴ የሆነውን ነው። በሰው አገር የሚሠሩ ወገኖቻችን ከቤታቸው የሚገናኙት በድምፅና በገንዘብ ነው። ገንዘቡ በስሕተት ከተነበበ ድምፁም ይጠፋል። በሩቅ ያለ ሰው የተጠረጠረ እንደ ሆነ ቀርቦ ፊቱን ማሳየት አይችልም፤ ምስክሩ ያ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እውነተኛ ምስክር መሆን አለበት።

እኔም የጓደኛዬን እናት ገጽ አርሜ ሠርቼዋለሁ። ዛሬ በጀርመን ያለችው ደንበኛ «4.500,00 ብር» ብላ በለመደችው አጻጻፍ ታነባለች፤ በአሜሪካ ያለችው «4,500.00 ብር» ብላ ታነባለች፤ ከሁሉም በታች «አራት ሺህ አምስት መቶ የኢትዮጵያ ብር» የሚል ጽሑፍ አለ። ቀሚሱ ያው ነው፤ ዋጋውም ያው ነው። የጓደኛዬ እናትም «አሁን ገና ገባኝ፤ ለደንበኛም ይገባዋል» ብለው መርቀውኛል።

የቤታችን ጣራ ባለፈው በጋ ተሠራ። ግማሹን አባቴ፣ ግማሹን አክስቴ አወጡ። እሑድ ማታ ስልኩ ሲጮኽ አሁን የሚያነሣው አባቴ ነው። እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፤ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጣችሁ የሰው ገንዘብ የሚታይበትን ገጽ ስትሠሩ፤ ያን ቁጥር በሩቅ ሆና የምትጠብቅ አንዲት እናት እንዳለች አስባችሁ ነጥቡን በቦታው፣ ስሙንም ከጐኑ እንድታኖሩ በትሕትና አሳስባለሁ።